የ«ኧርሊ በርድ» አምሳያ፦ የሦስት ወር የሥራ ማስታወሻ

ቅዳሜ፣ ጥር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

የፊታችን መጋቢት 28 ቀን የመጀመሪያዋ የንግድ መገናኛ ሳተላይት «ኧርሊ በርድ» ከፍሎሪዳ ከተወነጨፈች 60 ዓመት ይሞላታል። በትምህርት ቤታችን የሳይንስ ክበብ ያሉ ሰባት የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ለዚያ ቀን የሚደርስ አንድ ነገር እንሥራ ብለው ስለጠየቁኝ፣ ዛሬ ተሰብስበን የሳተላይቷን አምሳያ በግማሽ መጠን ለመሥራት ወስነናል። ስሟ ማልዳ የምትነሣ ወፍ ማለት ሲሆን፣ በመዝገብ የምትታወቀው ግን «ኢንቴልሳት 1» ተብላ ነው። ቅርጿ ከበሮ ይመስላል፤ ስፋቷ 72 ሴንቲ ሜትር፣ የአካሏ ቁመት 59 ሴንቲ ሜትር ነበር። የእኛዋ 36 በ29.5 ትሆናለች ማለት ነው።

ቀለም ተቀብታ በክር የምትንጠለጠል አምሳያ ብቻ ብንፈልግ ኖሮ ሁለት ቅዳሜ በበቃን ነበር። እኔ ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አስቀምጫለሁ፦ አምሳያዋ እንደ እውነተኛዋ በራሷ ዛቢያ መሽከርከር፣ እየተሽከረከረችም በአየር ትንፋሽ ብቻ ዛቢያዋን ወደምንፈልገው አቅጣጫ ማዘንበል አለባት። በእኔ እምነት የዚህች ሳተላይት ትልቁ ፈጠራ ሬድዮዋ አይደለም፤ ምህዋር ላይ 40 ኪሎ የማትሞላ ከበሮ ሳትንገዳገድ ለዓመታት እንድትቆይ፣ ሲያስፈልግም ከአንዲት ጠባብ ቀዳዳ በሚወጣ እንፋሎት እንድትታዘዝ መደረጉ ነው። ተማሪዎቹ ይህን ከሰሌዳ ላይ ሳይሆን በእጃቸው እንዲያዩት እፈልጋለሁ።

በዚህ ማስታወሻ የሥራችን ቀናት በእኛ አቆጣጠር የተጻፉ ሲሆን፣ የሳተላይቷ ታሪክ ቀናት ግን በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ናቸው።

ቅዳሜ፣ ጥር 17

ባለፈው ቅዳሜ ከተራ ስለነበር አልተገናኘንም።

ዛሬ የመጀመሪያውን ሙከራ ያደረግነው ላሜራ ከመግዛታችን በፊት፣ ቤት ውስጥ በተገኘ የ20 ሊትር የቀለም ቆርቆሮ ነው። አንዱ ተማሪ «ቲቸር፣ ይኼው ከበሮ አይደል? ለምን ገንዘብ እናወጣለን?» አለኝ። መልሱን ከእኔ ከሚሰማ ከቆርቆሮው ቢሰማው ይሻላል ብዬ ዝም አልኩ። ቆርቆሮው ከስፋቱ ይልቅ ቁመቱ የሚበልጥ ነው። ውስጡን በአሮጌ ጨርቅ ሞልተን ክዳኑን ካሸግን በኋላ፣ በክዳኑ መካከል በገባ ጠንካራ ገመድ አንጠልጥለነው ገመዱን በድሪል ማሽከርከር ጀመርን። ለጥቂት ጊዜ ቀጥ ብሎ ዞረ፤ ከዚያ ታችኛው ጫፉ መወዛወዝ ጀመረ፣ ውዝዋዜው እየሰፋ ሄደ፣ በመጨረሻም ቆርቆሮው አየር ላይ ጋደም ብሎ በሆዱ በኩል መዞር ቀጠለ። ድሪሉን የያዘው ልጅ ደንግጦ ለቀቀው፤ ቆርቆሮው ግድግዳውን መትቶ ክዳኑ ጎበጠ።

ይህ የእኛ ቆርቆሮ ጥፋት ብቻ አይደለም። አሜሪካኖች በጥር 1958 የላኳት የመጀመሪያ ሳተላይታቸው «ኤክስፕሎረር 1» ቀጭንና ረጅም ነበረች፤ በቁመቷ ዛቢያ እንድትሽከረከር ተደርጋ ተለቃ ሳለ፣ በጎኗ የተንጠለጠሉት ተጣጣፊ አንቴናዎች እየተወዛወዙ የሽክርክሪቷን ጉልበት ስለበሉት ብዙም ሳትቆይ ጋደም ብላ እንደ ዱላ መገለባበጥ ጀመረች። የሚሽከረከር አካል ጉልበቱ በውስጥ ፍትጊያ ቀስ በቀስ ሲያልቅ፣ በስተመጨረሻ የሚያርፈው ክብደቱ ከዛቢያው እጅግ በሚርቅበት አዟዟር ላይ ነው። ረጅም ነገር ጋደም ይላል፤ ሰፊ ነገር ቀጥ ብሎ ይዞራል። እንዝርት ቀጥ ብላ የምትዞረው ከታች ባለው ክብ ሰፊ ክፍሏ ነው ብላ አንዲት ተማሪ ያነሣችው ምሳሌ ከእኔ ማብራሪያ ይልቅ ለጓደኞቿ ገባቸው።

ከሰዓት በኋላ ስሌቱን አብረን ሠራን። ክብደቱ በእኩል የተሰራጨ ከበሮ ቀጥ ብሎ እንዲዞር ቁመቱ ከስፋቱ 87 በመቶ ማነስ አለበት። የ«ኧርሊ በርድ»ን ቁመት ለስፋቷ ስናካፍለው 82 በመቶ መጣልን። ልጆቹ ይህችን ቁጥር ሲያዩ ሳተላይቷ ያንን ቅርጽ የያዘችው ለውበት እንዳልሆነ ተረዱ። ቆርቆሮው ወደ ቀለም ማቀላቀያነቱ ተመልሷል።

ቅዳሜ፣ ጥር 24

ሙሉ ቀኑ በምናለሽ ተራ አለፈ። የገዛነው ይህ ነው፦ ከአሮጌ ፍሪጅ በር የተቆረጠ ስስ ላሜራ፣ ከተበላሸ የጣሪያ ማራገቢያ የወጡ ሁለት ኩሽኔታዎች፣ አንድ ባለ 24 እና አንድ ባለ 28 የብስክሌት ቸርኬ፣ እንዲሁም ዛቢያ የሚሆን ቀጥ ያለ የብረት ዘንግ። ሻጩ ሽማግሌ ለምን እንደምንፈልገው ጠይቀውን ስንነግራቸው፣ «ሳተላይት ከሆነማ ኩሽኔታውን አጥባችሁ ተጠቀሙ፤ ግራሱ ደርቋል» ብለው መከሩን። ትክክል ነበሩ፤ በነጭ ጋዝ ዘፍዝፈን ካጠብነው በኋላ በጣት ሲገፋ ድምፅ ሳያሰማ ለረጅም ጊዜ የሚዞር ሆነ።

ላሜራውን 115 ሴንቲ ሜትር አድርገን ቆረጥነው፤ 113 ለዙሪያው፣ 2 ለመደራረቢያው። ከላይና ከታች የሚከድኑትን ሁለት ክብ ሳህኖች ቶርኖ ቤት አስቆርጠናል፤ በእጅ ቢቆረጡ መሐላቸው ይስታል ብዬ ስለፈራሁ ነው። ሁለቱ ቸርኬዎች አንዱ በሌላው ውስጥ ገብተው ከበሮዋ ወደ የትኛውም አቅጣጫ እንድታዘነብል የሚያስችል ማቀፊያ ይሆናሉ።

ክብደት ስንቀንስ ስንጨምር ስንጨቃጨቅ ስለዋልን፣ የእነዚያን መሐንዲሶች ጭንቀት መመዝገብ ተገቢ ነው። በ1959 በካሊፎርኒያ በሂውዝ ኩባንያ ውስጥ ሃሮልድ ሮዘን፣ ዶናልድ ዊሊያምስና ቶማስ ሃድስፔዝ የሚባሉ ሦስት መሐንዲሶች ከምድር ወገብ በላይ በ35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ከምድር ጋር እኩል የምትዞር ሳተላይት ለመሥራት ሲነሡ፣ ብዙዎች ሐሳቡን የተቃወሙት እዚያ ድረስ የሚወስድ ሮኬት የለም በማለት ነበር። እነርሱ ግን ሮኬቱን ከማሳደግ ይልቅ ሳተላይቷን አሳነሱ። የምትሽከረከር ከበሮ አቅጣጫዋን ራሷ ስለምትጠብቅ ከባድ የሚዛን መጠበቂያ መሣሪያ አያስፈልጋትም፤ እርሱ ሲቀር ኤሌክትሪኩም፣ ነዳጁም ይቀንሳል። በ1961 አምሳያቸውን ወደ ፓሪስ ወስደው ኤፍል ማማ አናት ላይ አብረዋት ፎቶ ተነሥተዋል። ማማው ከፍ ያለ ስለሆነ ከዚያ በላይ አትወጣም ብለው የቀለዱባቸውም ነበሩ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 1

ከበሮዋ ተበይዳ፣ ዘንጉ ገብቶ፣ ከውስጠኛው ቸርኬ ጋር ተገጠመች። ጫፉ ላይ የጎማ መንኮራኩር የታሰረበት ድሪል ከታችኛው ጠርዟ ጋር እያስነካን አሽከረከርናት። በደቂቃ 60 ዙር ስትደርስ ጠረጴዛው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ 90 ስትደርስ አንድ ዳዶ ተፈትቶ ወደቀ። የብየዳው መስመር በአንድ በኩል ክብደት ጨምሯል።

ሚዛኑን ለማስተካከል ከሰፈሩ ጎሚስታ የመኪና ጎማ የሚመዘንባቸውን ትናንሽ እርሳሶች ለምነን አመጣን። ከበሮዋን በዝግታ ለቀን ከባዱ ጎኗ ወደ ታች ሲያርፍ፣ በተቃራኒው ወገን እርሳስ መለጠፍ፤ እንደገና መልቀቅ፤ እንደገና መለጠፍ። ይህ ለአራት ሰዓት ያህል ቀጠለ። እንዲህ ያለ ሥራ ላይ ትዕግሥት ያለው ተማሪና የሌለው ተማሪ ወዲያው ይለያል፤ ሁለቱ ወደ ኳስ ሜዳ ሾልከው ሄደዋል፤ አልፈረድኩባቸውም። ወደ አመሻሹ ላይ በደቂቃ 120 ዙር ያህል እየዞረች በጠረጴዛው ላይ የተቀመጠ የውሃ ብርጭቆ ሳይናወጥ ቀረ። እውነተኛዋም በደቂቃ ከ100 ዙር በላይ ትዞር ስለነበር በዚህ ረክተናል። ፍጥነቱን የለካነው በስልክ ቀርጸን፣ ቪዲዮውን አዘግይተን ዙሩን በመቁጠር ነው።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

የአየሩ ሥራ ተጀመረ። የለስላሳ ፕላስቲክ ጠርሙስ ክዳኑ ላይ የብስክሌት ካማራዳሪ ቫልቭ ገጥመን በፓምፕ ሞላነው። በፊት ውሃ ሞልተን ግቢው ጥግ ላይ ፈትነነዋል፤ እንዲህ ያለ ነገር ልጆች ፊት በአየር ብቻ አይፈተንም፣ ቢፈነዳ ውሃ ብዙም አይጎዳምና። ጠርሙሱ የገባው በከበሮዋ ልክ መሐል፣ ዛቢያው ላይ ነው። አየሩ እየቀነሰ ሲሄድ ሚዛኗ እንዳይዛባ ሌላ ቦታ ሊገባ አይችልም።

በአጋጣሚ ጠርሙሱ የተቀመጠበት ስፍራ በእውነተኛዋ ውስጥ ትልቁ ሞተር የነበረበት ቦታ ነው። ስለ ውንጨፋው ለልጆቹ የነገርኳቸውም በዚህ ሰበብ ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1965 የተነሣችው ዴልታ ሮኬት ባለ ሦስት ደረጃ ስትሆን፣ የመጀመሪያው ደረጃ በጎኑ ሦስት የጠጣር ነዳጅ ረዳቶች ነበሩት። ሦስተኛው ደረጃ ከመቀጣጠሉ በፊት ሳተላይቷን እንደተሸከመ በትናንሽ ሮኬቶች እንዲሽከረከር ይደረጋል፤ ጠመንጃ ጥይቱን አሽከርክሮ እንደሚተኩስ ማለት ነው። ይህ ሁሉ ሳተላይቷን የሚያደርሳት እጅግ የተለጠጠ ሞላላ መንገድ ላይ ብቻ ነው። ሩቁ ጫፍ ላይ ስትደርስ ፍጥነቷ በሰከንድ 1.6 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እዚያ ለመቆየት ደግሞ 3.07 ያስፈልጋታል። ጎደሎውን የሚሞላው፣ ከፍሎሪዳ በመነሣቷ የመጣውንም የመንገድ መጋደል የሚያቃናው በሆዷ ውስጥ ያለው የጠጣር ነዳጅ ሞተር ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ይለኮሳል። በዚያች ቅጽበት ዛቢያዋ ወደተሳሳተ አቅጣጫ ካዘነበለ ሁሉም ነገር ያከትማል።

የታላቅ እህቷ የ«ሲንኮም 1» ዕጣ ይህን ይመስል ነበር። በየካቲት 14 ቀን 1963 ተወንጭፋ ሁሉም ነገር በመልካም ከሄደ በኋላ፣ ልክ ያ ሞተር ሲለኮስ ድምፅዋ ጠፋ። የተጠረጠረው የናይትሮጅን ጋኗ መፈንዳቱ ነው። ትናንት 62 ዓመት ሞላው። ይህንን ተናግሬ ሳልጨርስ የእኛ ጠርሙስ የአየር ቱቦ ከቫልቩ ተመንጭቆ ወጥቶ ከበሮዋን በጩኸት ሞላት። ልጆቹ ለረጅም ጊዜ ሳቁ። ቱቦው አሁን በሽቦ ታስሯል።

ቅዳሜ፣ የካቲት 15

ዛሬ በጣም የምጠብቀው ቀን ነበር፤ መብራት ግን እስከ ስምንት ሰዓት ጠፍቶ ቆየ። ስለዚህ ጠዋቱን ሙሉ ሽቦ በመቀጠል አሳለፍነው። ከአሮጌ የውሃ ማጣሪያ የወጣ በ12 ቮልት የሚሠራ ቫልቭ፣ ከላፕቶፕ ባትሪ የወጡ ሦስት ድንጋዮች፣ አንድ ብርሃን የሚለይ ሴል። አየሩ የሚወጣበት ጠባብ ቀዳዳ በከበሮዋ ጠርዝ ላይ ወደ ታች፣ ከዛቢያው ጋር ጎን ለጎን የሚመለከት ነው።

መብራቱ ሲመጣ መጀመሪያ ቫልቩን ከፍተን ተውነው። ከበሮዋ እየዞረች አየሩ ያለማቋረጥ ይነፍሳል፤ ዛቢያው ግን ወደ የትም አልሄደም፤ ጥቂት ከመንቀጥቀጥ በቀር። ተማሪዎቹ ቀዳዳው ጠቧል ብለው ሊያሰፉት ተነሡ። አስቁሜያቸው በወረቀት ላይ እንዲያስቡት አደረግሁ፦ ቀዳዳው ከከበሮዋ ጋር ስለሚዞር በምሥራቅ ሲደርስ የገፋውን በምዕራብ ሲደርስ መልሶ ያፈርሰዋል፤ የአንድ ሙሉ ዙር ድምር ባዶ ነው።

ዶናልድ ዊሊያምስ ያሰበው መፍትሔ አስደናቂ የሚሆነው ከዚህ በኋላ ነው። ቀዳዳዋ ሁልጊዜ አትተንፍስ፤ በየዙሩ አንድ ቦታ ላይ ስትደርስ ብቻ ለጥቂት ጊዜ ትተንፍስ። ግፊቱ ያኔ ሁልጊዜ ከአንድ ወገን ይሆናል። የ«ሲንኮም»ና የ«ኧርሊ በርድ» አሠራር ይኸው ነበር፤ ሳተላይቷ በዞረች ቁጥር ጎኗ ላይ ያለው መሣሪያ ፀሐይን ሲያይ ምልክት ይልካል፣ በምድር ያሉት ባለሙያዎች ከዚያ ምልክት ጋር አመሳክረው መቼ እንደምትተነፍስ ያዛሉ። አንዲት ቀዳዳ፣ ሰዓቱን በመቀያየር ብቻ፣ በየአቅጣጫው እንደተተከሉ ብዙ ቀዳዳዎች ታገለግላለች። በዚህ ፈጠራ መብት ላይ ኩባንያው ከአሜሪካ መንግሥት ጋር ለአሥርተ ዓመታት መከራከሩ አያስገርመኝም።

የእኛ «ፀሐይ» በክፍሉ ጥግ የቆመ አምፖል ነው። ብርሃን የሚለየው ሴል በአምፖሉ ፊት ባለፈ ቁጥር ቫልቩ ለአንድ ሰከንድ ሃያኛ ያህል ይከፈታል። ጠሽ፣ ጠሽ፣ ጠሽ እያለች ጀመረች። ከ10 ትንፋሽ በኋላ ማንም ልዩነት አላየም። ከ40 ትንፋሽ በኋላ ግን ዛቢያው 10 ዲግሪ ገደማ አዘንብሎ ነበር፤ ነገር ግን ሁላችንም በጠበቅነው በኩል አልነበረም። ግፊቱ ከሰሜን ወገን ሆኖ ሳለ ዛቢያው ያዘነበለው ወደ ጎን ነው። የሚሽከረከር ነገር ሲገፋ በተገፋበት ሳይሆን ሩብ ዙር ቆይቶ እንደሚታዘዝ በክፍል አስተምሬያቸዋለሁ፤ በፈተናም በትክክል መልሰውታል። ዛሬ ግን እንደ አዲስ ነገር ገርሟቸው ደጋግመው አስደገሙኝ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 22

የባለፈው ሳምንት ደስታ በልኬት ቀዘቀዘ። ዛቢያው ሩብ ዙር ማለትም 90 ዲግሪ ቆይቶ መታዘዝ ሲገባው፣ በፕሮትራክተር ስንለካው ከ120 ዲግሪ በላይ ሆነ። መጀመሪያ የጠረጠርነው የማቀፊያውን ኩሽኔታ ነበር፤ ፈተን አጥበን መለስነው፣ ምንም አልተለወጠም። ከዚያ ቀዳዳው ተጣሞ ይሆናል ብለን አቀናነው። ምንም።

ጥፋቱን ያገኘችው የእንዝርቷን ምሳሌ ያመጣችው ተማሪ ናት። በደቂቃ 120 ዙር ማለት አንድ ዙር በግማሽ ሰከንድ ነው። የተጠቀምንበት ርካሽ ብርሃን መለያ ብርሃን ካየ በኋላ እስኪነቃ 30 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይዘገያል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ከበሮዋ ወደ 22 ዲግሪ ተጉዛለች። ቫልቩም እስኪከፈት የራሱን ጊዜ ይወስዳል። የሁለቱ መዘግየት ሲደመር የጠፋብንን ማዕዘን ሞላው። መለያውን ፈጣን በሆነ ፎቶ ትራንዚስተር ተካነው፤ የቫልቩን መዘግየት ደግሞ መለያውን በከበሮዋ ዙሪያ ጥቂት ወደፊት በማስቀደም አካካስነው። አሁን ስሕተቱ ወደ 3 ዲግሪ ወርዷል። ከዚያ በታች ለማውረድ የሚያስችል መሣሪያ የለንም።

ይህን ቀን ከሁሉም ቀናት አብልጬ ወድጄዋለሁ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 29

ቀለም። እውነተኛዋ በጎኗ ዙሪያ 6,000 የፀሐይ ሴሎች ነበሯት። እኛ ስቴንስል ቆርጠን በጥቁር ሰማያዊ ቀለም ትናንሽ አራት ማዕዘኖች ቀባን። አድካሚ ነው፤ ነገር ግን አንድ ጥያቄ አስነሣ፦ ከበሮ ስለሆነች ግማሹ ጎኗ ሁልጊዜ ጨለማ ውስጥ አይደለም ወይ? ነው። የፀሐይ ብርሃን የሚያገኘውም ግማሽ ቢሆን ጠርዙ ላይ ያሉት ሴሎች ብርሃኑን በሰያፍ ነው የሚቀበሉት፤ ሲሰላ ከሦስቱ ሴሎች የአንዱን ያህል ብቻ ነው የሚሠራው። ስድስት ሺህ ሴል ተሸክማ የምታገኘው ኤሌክትሪክ አንድ የ60 ዋት አምፖል አያበራም ነበር።

አንቴናዋም እንደዚሁ ባካኝ ናት። ከበሮዋ ስትዞር አንቴናው አብሮ ስለሚዞር፣ ምልክቷን እንደ ቀለበት በዙሪያዋ ሁሉ ትረጫለች፤ ከዚያ ከፍታ ምድር የምትሸፍነው ግን 17 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው፤ ከሃያው አንዱ እጅ ወደ እኛ ሲመጣ የቀረው ወደ ባዶ ሰማይ ይሄዳል። የመሽከርከር ዋጋው ይህ ነው። ከ1968 ጀምሮ የመጡት የ«ኢንቴልሳት 3» ሳተላይቶች አካላቸው እየዞረ አንቴናቸው ብቻ ወደ ምድር እንደቆመ እንዲቀር ተደርገዋል፤ «ኧርሊ በርድ» ግን ያን ለማድረግ ገና ነበረች፤ ስለዚህም ጉድለቷን የሚሞሉት በምድር ያሉት ግዙፍ አንቴናዎች ሆኑ። እንግሊዝ ውስጥ በጉንሂሊ የነበረው ሳህን 26 ሜትር ስፋት ነበረው።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 13

ባለፈው ሳምንት ፈተና ስለነበር አልሠራንም። ዛሬ የተላጠውን ቀለም ጠገንን፤ ባትሪውን ቀየርን።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 20

ለእንግዶች የሚቀርበውን ማብራሪያ አዘጋጀን። ልጆቹ ስለ ሮኬት ብቻ ጽፈው ስለመጡ፣ «የንግድ» የሚለው ቃል የት ገባ ብዬ መለስኩላቸው። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በነሐሴ 31 ቀን 1962 በፈረሙት ሕግ መሠረት በዓመቱ «ኮምሳት» የሚባል ኩባንያ ተቋቋመ፤ በ1964 አክሲዮኑን እያንዳንዱን በ20 ዶላር ሸጦ 200 ሚሊዮን ዶላር ሰበሰበ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ኢንቴልሳት የሚባለው የአገሮች ማኅበር ተመሠረተ። ገበያው ምን ነበር? ስልክ። በ1956 በአትላንቲክ ሥር የተዘረጋው የመጀመሪያው የስልክ ገመድ ሲከፈት በአንድ ጊዜ 36 ንግግር ብቻ ያስተላልፍ ነበር። «ኧርሊ በርድ» 240 ንግግር፣ ወይም በምትኩ አንድ የቴሌቪዥን ሥርጭት ትችላለች። ሁለቱን በአንድ ላይ አትችልም፤ ቴሌቪዥን ሲገባ ስልኩ ይቋረጣል። በአንድ ጊዜ ከሁለት ጣቢያ በላይ ስለማታስተናግድም የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የጀርመን ጣቢያዎች በተራ ይጠቀሙባት ነበር፤ ልክ እንደ ሰፈር ቧንቧ። መደበኛ አገልግሎት የጀመረችው ሰኔ 28 ቀን 1965 ነው።

ድምፅ ከምድር ወጥቶ በእርሷ በኩል እስኪመለስ ሩብ ሰከንድ ይፈጃል፤ ጠይቀህ መልስ እስክትሰማ ግማሽ ሰከንድ። ሰዉ ይህን ይታገሣል ወይ የሚለው ክርክር በዘመኑ ብርቱ ነበር። ሁለት ተማሪዎችን በተለያየ ክፍል አስቀምጠን ድምፃቸውን በኮምፒዩተር እያዘገየን አነጋገርናቸው። ገና ሰላምታ ሲለዋወጡ ተጋጩ። የእኛ ሰላምታ፣ ደህና ነህ፣ ደህና ነሽ፣ ቤተሰብ ደህና ነው እየተባለ አንዱ ሳይጨርስ ሌላው የሚገባበት ስለሆነ፣ ይህ መዘግየት ከሁሉም ይልቅ የሚከብደው ለእኛ ሳይሆን አይቀርም።

አንድ ነገር ጨምረንበታል። ከ«ኧርሊ በርድ» በፊት በሐምሌ 1963 የተላከችው «ሲንኮም 2» አሜሪካንና አፍሪካን አገናኝታ ነበር፤ በነሐሴ 23 ቀን ኬኔዲ ከናይጄሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር አቡበከር ታፋዋ ባሌዋ ጋር በስልክ ሲነጋገሩ፣ በናይጄሪያ በኩል ምልክቱን የተቀበለችው ሌጎስ ወደብ ላይ የቆመች መርከብ ናት።

እሑድ፣ መጋቢት 28

ዕለቱ ደረሰ። ወላጆችና መምህራን መጥተዋል። ከበሮዋ ለአርባ ደቂቃ ያህል ስታዘነብል ስትቃና ዋለች፤ ጠርሙሱ አራት ጊዜ ተሞልቷል። አንድ አባት «አበበ ቢቂላ ቶኪዮ ሲሮጥ ያሳየችው እርሷ ናት?» ብለው ጠየቁ። የቶኪዮን ኦሎምፒክ ምስል በጥቅምት 1964 በፓስፊክ ላይ ወደ አሜሪካ ያሻገረችው «ሲንኮም 3» መሆኗን፣ «ኧርሊ በርድ» በዚያን ጊዜ ገና በፋብሪካ ውስጥ እንደነበረች አንዱ ተማሪ መለሰላቸው። እኔ ጣልቃ አልገባሁም።

ልጆቹ ያለ እኔ ዕውቀት ያዘጋጁት ነገርም ነበር። ሳተላይቷ የቆመችው ከአትላንቲክ በላይ፣ በምዕራብ 28 ዲግሪ ኬንትሮስ ላይ ነበር። ከአዲስ አበባ ሲሰላ ይህ በስተምዕራብ ከአድማስ 14 ዲግሪ ከፍ ብሎ ይታያል። ግቢው ውስጥ በዚያ አቅጣጫና ከፍታ የቀርከሃ ዘንግ ተክለዋል፤ ዘንጉ ከአጎራባች ሕንፃ ጣሪያ ጥቂት ከፍ ብሎ ሰማዩን ያመለክታል። አንቴናዋ ወደ ሰሜኑ አትላንቲክ ያጋደለ ስለነበር ለእኛ አልተሰናዳችም፤ ቢሆንም በሰማያችን ላይ ነበረች።

ለ18 ወር ታስባ ለአራት ዓመት ያህል ሠርታለች። በ1969 መጀመሪያ ካረፈች በኋላ፣ «አፖሎ 11» ወደ ጨረቃ በሄደበት ሰሞን የአትላንቲክ ተተኪዋ ስትታመም ተቀስቅሳ አገለገለች፤ በ1990ም ለ25ኛ ዓመቷ ተነቃቅታ መልስ ሰጥታለች። ነዳጇ ካለቀ ቆይቷል፤ ዛሬም እዚያው ከፍታ ላይ ትንሳፈፋለች።

የተወነጨፈችበት ደቂቃ በእኛ ሰዓት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ47 ስለሚሆን፣ ያን ለመጠበቅ የፈቀደ ወላጅ አልተገኘም።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 4

አምሳያዋን ፈታተን አጸዳን። ጠርሙሱ አንገቱ ላይ ስለሰነጠቀ ተጥሏል፤ ባትሪዎቹ ወጥተው ተቀምጠዋል፤ ከላይ ያለው ኩሽኔታ እንደገና ድምፅ ማሰማት ጀምሯል። እውነተኛዋ ሁለት ዓይነት ቀዳዳ ነበራት፤ አንዷ ወደ ታች ስትተነፍስ ዛቢያን የምታዘነብል፣ ሌላዋ ወደ ጎን ስትተነፍስ ሳተላይቷን በምህዋሯ ላይ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ የምትገፋ። ሁለተኛዋን አልሠራንም፤ ለእርሷ ከበሮዋ በነፃነት የምትንሸራተትበት የአየር ጠረጴዛ ያስፈልጋል። የቀዳዳዋን ቦታ በላሜራው ላይ በቀይ ምልክት አድርገን ከበሮዋን በቤተ ሙከራው ቁም ሣጥን ላይ አስቀምጠናታል፤ የአየር ጠረጴዛውን ሥዕል እያሰናዳ ያለው በየካቲት ወር ወደ ኳስ ሜዳ ከሾለኩት ሁለቱ አንዱ ነው።